የሦስት ዓመት ፈረስ መሰናክል ሲዘል ግፍ ነው? የአንድ የፈረስ ሐኪም መልስ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል። «የእንግሊዝ የመሰናክል ፈረስ ውድድር በቴሌቪዥን እያየሁ ነበር። የሚሮጡት ሁሉ የአራት ዓመት ፈረሶች ናቸው ተባለ። አንዱ ወደቀና ሳይነሳ ቀረ። ወዲያው በሸራ ከለሉት። በኋላ ሰዎች ‹አጥንታቸው ገና አልጠናም፣ ሕፃናት ናቸው፣ ይሄ ግፍ ነው› ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? ስንት ዓመት ሲሞላቸው ነው መዝለል ያለባቸው?»

እህቴ፣ ያየሽው ነገር እንዴት እንደሚያስደነግጥ አውቃለሁ። የፈረስ ሐኪም ነኝ። ሥራዬ በአብዛኛው የእሽቅድምድም ፈረሶች እግር ነው። ከዚያ ሸራ ጀርባ ስንት ጊዜ እንደቆምኩ መቁጠር ትቻለሁ፤ ግን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም።

የሰማሽው ነገር ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ደግሞ ትክክለኛውን ጥፋተኛ እንዳናይ ያደርገናል። ዕድሜ ብቻውን ፈረስ አይሰብርም። ፈረስ የሚሰብረው ችኮላ ነው። ሳይዘጋጅ የመጣ ጭነት ነው። ትንሿን ምልክት አይቶ ዝም ማለት ነው። ስለዚህ እኔ ስለ አንድ ወጣት ፈረስ ስጠየቅ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ዓመቱ እንደሆነ አይደለም። እስካሁን ምን ሲሠራ ቆየ? ቆም በሉ የሚል ሰውስ አጠገቡ አለ? እነዚህን ነው የምጠይቀው።

ግን ዕድሜን ካነሳሽ ከእሱ እንጀምር፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ለእሽቅድምድም የሚራባው ዝርያ፣ የቶሮብሬድ ፈረስ፣ ዕድሜው የሚቆጠረው ከተወለደበት ቀን አይደለም። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ሁሉም በጃንዋሪ 1፣ በደቡቡ ደግሞ በኦገስት 1 በአንድ ቀን አንድ ዓመት ይጨምራሉ። በፌብሩዋሪ መጀመሪያ የተወለደውና በሜይ መጨረሻ የተወለደው ወረቀት ላይ እኩያ ናቸው። በመካከላቸው ግን አራት ወር ያህል ልዩነት አለ። ለወጣት ፈረስ አራት ወር ብዙ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ቼልትናም በሚባል ሜዳ በማርች የሚካሄደው ትራያምፍ ሀርድል ለአራት ዓመት ፈረሶች ብቻ የተዘጋጀ ትልቅ ውድድር ነው። በሜይ የተወለደው ፈረስ እዚያ መነሻ መስመር ላይ ሲቆም በእውነተኛው ቆጠራ አራት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ይቀረዋል። የሦስት ዓመቶቹ ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ መሰናክል መወዳደር የሚጀምሩት በዓመቱ አጋማሽ ላይ ነው። ፈረንሳይ ከዚያም ትቀድማለች፤ ገና በፀደይ ወራት ታስጀምራቸዋለች። እዚያ እንዲያውም የሦስት ዓመት ፈረሶች በዚያው ዓመት መጨረሻ ፓሪስ ባለው ኦቶይ ሜዳ ላይ ከፍ ባለውና ሲመቱት በማይተኛው ትልቁ መሰናክል ጭምር ይወዳደራሉ።

አሁን ወደ አጥንቱ እንሂድ፤ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው።

ረጅም አጥንት ቁመት የሚጨምረው ጫፎቹ አካባቢ ባለ ቀጭን የልም አጥንት መስመር በኩል ነው። ፈረሱ ሲጎለምስ ይህ መስመር ወደ ጠንካራ አጥንት ይለወጣል። «ተዘጋ» የምንለው ያኔ ነው። የሚዘጋው ግን በአንድ ጊዜ አይደለም። በጥቅሉ ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄደው። የቅልጥሙ፣ ማለትም ከጉልበቱ በታች ያለው ረጅም አጥንት፣ የታችኛው ጫፍ ውርንጭላው አንድ ዓመት ሳይሞላው ይዘጋል። ከፊት እግር ጉልበት በላይ ያለው መስመር ከሁለት እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ይዘጋል። አሰልጣኞች ራጅ አስነስተው «ጉልበቱ ተዘግቷል» ሲሉ የምትሰሚው ስለ እሱ ነው። የጀርባ አጥንቶቹ ግን አምስትና ስድስት ዓመት ድረስ ይቆያሉ። ስለዚህ «አጥንቱ አልተዘጋም» ያሉሽ ሰዎች ስለ ጀርባው ከሆነ ልክ ናቸው። ስለ እግሩ ከሆነ ግን በሦስት ዓመቱ አብዛኛው ተዘግቷል።

ይሁን እንጂ መዘጋትና መጠንከር ለየቅል ናቸው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ይመስለኛል። አጥንት ድንጋይ አይደለም። ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ በየቀኑ ይፈርሳል፣ በየቀኑ ይሠራል። ጭነት ሲያገኝ ጭነቱ በሚመጣበት አቅጣጫ ይወፍራል፣ ይጠናል። ጭነት ሲያጣ ይሳሳል። የአናጢን መዳፍ አስቢ። ቆዳው የጠነከረው አናጢው ስላረጀ አይደለም፤ መጋዝና መዶሻ ስለያዘ ነው። እስከ አምስት ዓመቱ ሜዳ ላይ ሲግጥ የኖረ ፈረስ የእድገት መስመሮቹ አብዛኞቹ ተዘግተዋል፤ አጥንቱ ግን ለመጋጥ የተሠራ አጥንት ነው። ይህን ፈረስ «አሁን አድጓል» ብለሽ በሦስት ወር ውስጥ ለውድድር ብታደርሺው፣ በጥንቃቄ ከተያዘ የሦስት ዓመት ፈረስ የበለጠ አደጋ ላይ ነው።

ውርንጭላ ሜዳ ላይ ስትለቂው ምን ያደርጋል? ከእናቱ ጎን ይቆማል። ድንገት ይፈተለካል። አንድ ሁለት መቶ ሜትር ሸምጥጦ ይመለሳል። ከዚያ ይተኛል። ይህ ለኛ ጨዋታ ይመስለናል፤ ለአጥንቱ ግን ሥልጠና ነው። አጥንት ረጅም ሥራ አይፈልግም፤ አጭርና ፈጣን ጭነት ይበቃዋል። በመጀመሪያው ዓመት ጋጥ ውስጥ ተዘግቶ ያደገ ውርንጭላ ደካማ አጥንት ይዞ ነው የሚወጣው። ስለዚህ የወጣት ፈረስ ደኅንነት የሚጀምረው ኮርቻ ሲጫን አይደለም። እናቱን ሲጠባ በነበረበት ሜዳ ላይ ነው።

በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ የተደረጉ ጥናቶች በሁለት ዓመታቸው ሥልጠና ወይም ውድድር የጀመሩ ፈረሶች ዘግይተው ከጀመሩት የረዘመ የውድድር ዕድሜ እንደነበራቸው አሳይተዋል። ይህን ማስረጃ አንዳንድ የሙያው ሰዎች «አየሽ፣ ቶሎ መጀመር ጥሩ ነው» ለማለት ይጠቀሙበታል። እኔ እዚህ ላይ ፍሬን እይዛለሁ። በሁለት ዓመቱ ለውድድር የደረሰ ፈረስ ከመጀመሪያውም ጤነኛ የነበረ ፈረስ ነው። ያነከሰው፣ የታመመው፣ እግሩ የጠመመው በዚያ ዕድሜ አይደርስም። ስለዚህ ረጅም ዕድሜውን ቶሎ መጀመሩ ነው የሰጠው ብሎ መደምደም አይቻልም። ጥናቶቹ የሚጠቁሙን ቶሎ መሥራት በራሱ ፈረስን እንደማያጠፋ ነው። ይህም ትልቅ ነገር ነው።

ዋናው ነገር የሥራው ዓይነት ነው። ወጣት ፈረሶች ላይ በብዛት የማየው የቅልጥም ሕመም አለ፤ የፊት ቅልጥሙ ፊት ለፊት ያብጣል፣ ሲነኩት ፈረሱ እግሩን ይነጥቃል። አሜሪካ ውስጥ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዴቪድ ኑናሜከር ይህን ለዓመታት አጥንቷል። ፈረስ በሶምሶማና በዝግታ ሲጋልብ ቅልጥሙ የሚታጠፍበት አቅጣጫና በሙሉ ፍጥነት ሲሸመጥጥ የሚታጠፍበት አቅጣጫ አንድ አይደለም። ለወራት በዝግታ ብቻ ያሠለጠንሽው ፈረስ አጥንቱን ለዝግታ ሠርቶ ይጠብቅሻል። ከዚያ አንድ ቀን ድንገት በፍጥነት ስትለቂው አጥንቱ ይደነግጣል፤ በጥድፊያ ጥራት የሌለው አዲስ አጥንት ፊት ለፊት ይለጥፋል። ሕመሙ ያ ነው። መፍትሔው ቀላል ነበር። ረጅሙን የዝግታ ግልቢያ ቀንሶ አጫጭር የፍጥነት ሥራ ከመጀመሪያው ጀምሮ በትንሽ በትንሹ መጨመር። በመሰናክል ፈረሶች ዘንድ ግን ለብዙ ዘመን የተለመደው ረጅምና ዝግተኛ ሥራ ነው። ብዙ አሰልጣኞች «ወጣት ነው፣ አላስቸኩለውም» ብለው በደግነት ነው የሚያደርጉት። ደግነቱ እውነት ነው፤ አጥንቱ ግን ለውድድሩ ፍጥነት አልተዘጋጀም።

ሌላው ደግሞ እረፍት ነው። እረፍት ሁልጊዜ ጥሩ ይመስለናል፣ አይደል? አጥንት ሲጠግን መጀመሪያ የተጎዳውን ክፍል ቆፍሮ ያወጣል፣ ከዚያ በአዲስ ይሞላል። ቆፍሮ ማውጣቱ ሳምንታት ይወስዳል። መሙላቱ ወራት ይፈልጋል። በመካከሉ ያለው ጊዜ አደገኛ ነው፤ አጥንቱ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኗል፣ ፈረሱ ግን ሕመም አይሰማውም። ጎኑ ሞልቶ፣ ፀጉሩ አብርቶ፣ እየዘለለ ይወጣል። ሁለት ወር ያረፈን ፈረስ ባቆመበት ፍጥነት ማስቀጠል በጣም ከሚያስፈሩኝ ነገሮች አንዱ ነው። የክንድ አጥንት ስብራት ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዚህ ወቅት ነው። አሰልጣኝ ደውሎ «ጥሩ ሆኗል፣ ቅዳሜ ልለቀው ነው» ሲለኝ ልቤ ይመታል።

ስለ መድኃኒትም አንድ ነገር ልበል። ቢስፎስፎኔት የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ለአጥንት መሳሳት ለሰዎች የሚታዘዙ ናቸው። እነዚህ አሮጌ አጥንት የሚያፈርሱትን ሴሎች ሥራ ያስቆማሉ። ወጣት ፈረስ ላይ ግን ያ ማፍረስ የጥገናው ግማሽ ነው፤ እሱን ማስቆም ጥገናውን ማስቆም ነው። ሕመሙንም ሊያደበዝዙ ይችላሉ። እንግሊዝ ሦስት ዓመት ተኩል ላልሞላው ፈረስ እንዳይሰጡ ከልክላለች። ይህን ሕግ በሙሉ ልቤ ነው የምደግፈው።

ወደ ጅማቱ እንምጣ። የመሰናክል ፈረስን ሥራ በብዛት የሚያስቆመው እሱ ነው። ከፊት እግር ቅልጥም ጀርባ የሚወርደው ረጅሙ ጅማት ፈረሱ ሲሸመጥጥ እንደ ጎማ ይለጠጣል። ሊሸከም ከሚችለው መጨረሻ ብዙም በማይርቅ ደረጃ ነው የሚሠራው። ውስጡም ይግላል፤ ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። ጅማት እንደ አጥንት ዕድሜ ልኩን ራሱን አያድስም። ለሥራ ራሱን የሚያስተካክለው በዋናነት ፈረሱ ገና እያደገ ሳለ፣ እስከ ሁለት ሦስት ዓመቱ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በአብዛኛው ያስረጀዋል። ስለዚህ «ስድስት ዓመት እስኪሞላው ይጠበቅ» የሚለው ሐሳብ ለጀርባው ቢጠቅም ለጅማቱ አይጠቅመውም። እንዲያውም ጊዜው ያመልጠዋል።

ስለ ጅማት ካነሳሁ የማልረሳውን ነገር ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት አገልግሎት እሰጥበት በነበረ አንድ ጋጥ የአራት ዓመት ሰንጋ ፈረስ ነበር። ቡናማ፣ ረጅም፣ ግንባሩ ላይ ነጭ። የምትንከባከበው ልጅ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላት ናት። ሁልጊዜ ማለዳ ፈረሱ ሳይወጣ አራቱንም እግሮች በባዶ እጇ ትዳስሳለች። አንድ ማክሰኞ ጠዋት በግራ የፊት እግሩ ጅማት ላይ አውራ ጣት የምታህል ቦታ ሞቅ አለባት። እብጠት የለም። ማነከስ የለም። ለኃላፊዋ ነገረች። «ትናንት ሲታሰር ፋሻው ጠብቆበት ነው» ተባለች። አርብ ውድድር ነበረው፤ ባለቤቶቹ ከሩቅ ሊመጡ ነው፣ መሬቱም ለሱ የሚስማማው ዓይነት ነበር። እኔን የጠራኝ ሰው አልነበረም። ሮጠ። ከመጨረሻው በፊት ባለው መሰናክል ላይ ሲያርፍ ጅማቱ ተቀደደ። አልትራሳውንዱን ሳይ መሐሉ ላይ ጥቁር ጉድጓድ ነበር፤ አዲስ ጉዳት ከአሮጌ ጉዳት ላይ። ልጅቷ ጥግ ላይ ቆማ እጇን ታያለች። ያ እጅ ልክ ነበር።

ፈረሱ አልሞተም። አሥራ አራት ወር ግን አንድ ውድድር አልሮጠም፤ ከተመለሰም በኋላ እንደ ድሮው አልሆነም። ጅማት ሲድን የሚተካው ጠባሳ እንደ መጀመሪያው አይለጠጥም። ያ ፈረስ የተጎዳው የአራት ዓመት ስለነበረ አይደለም። ማክሰኞ የተነገረው ነገር እስከ አርብ ድረስ ሰሚ ስላጣ ነው።

አሁን ስለ ዝላዩ ራሱ። ወጣቶቹ የሚዘሉት ዝቅተኛውን መሰናክል ነው። እንግሊዝ ውስጥ ቁመቱ ቢያንስ 1.07 ሜትር ገደማ ነው፤ ሲመቱት ወደ ፊት ይተኛል። ትልቁ መሰናክል ቢያንስ 1.37 ሜትር ነው፤ ያ አይተኛም። ዝላዩ ከባድ የሚሆነው በቁመቱ አይደለም፤ በፍጥነቱ ነው። ፈረሱ ሲያርፍ የሰውነቱ ጭነት ለቅጽበት በአንድ የፊት እግር ላይ ይወድቃል፤ ከክብደቱ ሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ። ደክሞ ሲያርፍ ደግሞ ጡንቻው ያንን አይቀበልለትም። መውደቅ ሲጠና የተገኘው ነገርም ይህንኑ ይደግፋል፤ በአለንጋ እየተመታ፣ ከኋላ ወደ ፊት እየተገፋ ወደ መሰናክሉ የመጣ ፈረስ የመውደቅ ዕድሉ በጣም ከፍ ይላል። እንግሊዝ ከ2023 ጀምሮ ጋላቢው በመሰናክል ውድድር ከሰባት ጊዜ በላይ በአለንጋ እንዳይመታ ወስናለች፤ ልኩን በአራትና ከዚያ በላይ ካለፈ ፈረሱ ከውጤት ይሰረዛል። ለወጣት ፈረሶች ውድድር ቁጥሩ ከዚህም ማነስ አለበት ብዬ አምናለሁ። ገና ዝላዩን እየተማረ ያለን እንስሳ ደክሞ ሳለ መገረፍ ምንም ነገር አያስተምረውም።

ጥሩ የተሠሩ ነገሮችም አሉ። ፈረስ ቀለም የሚያየው እንደኛ አይደለም፤ ብርቱካናማና አረንጓዴ ለመለየት ይቸገራል። ለብዙ ዓመታት ግን በእንግሊዝ መሰናክሎች ሥር ፈረሱ ለዝላይ የሚነሳበትን ቦታ የሚያሳየው ምልክት ብርቱካናማ ነበር፤ በአረንጓዴ ሣር ላይ። ለኛ ይታየናል፣ ለሚዘለው ግን አይታየውም! የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ከመረመሩ በኋላ ከ2022 ጀምሮ በነጭ መተካት ተጀመረ። መሰናክሎቹም ስፖንጅ እየለበሱ ነው። ግራንድ ናሽናል የሚባለው ታዋቂው የእንግሊዝ የመሰናክል ውድድር ከ2012 ጀምሮ ከሰባት ዓመት በታች ፈረስ አይቀበልም፤ በ2024 ደግሞ የተወዳዳሪው ቁጥር ከ40 ወደ 34 ወረደ። እነዚህ ትንሽ ነገሮች አይደሉም።

መዝለልን መማር ግን ከመወዳደር ጋር መምታታት የለበትም። ሁለት ልማዶች አሉ። በአየርላንድና በእንግሊዝ ለመሰናክል የተወለደ ፈረስ በባህሉ እስከ ሦስት ዓመቱ ሳይገራ ሜዳ ላይ ይቆያል። ከዚያ ለሽያጭ ይዘጋጃል። ይሸጣል። ይገራል። ከዚያ አንዳንዱ በጥቂት ወራት ውስጥ የአራት ዓመት ፈረሶች ውድድር ላይ ይቀርባል፤ እዚያ ካሸነፈ ዋጋው በብዙ እጥፍ ስለሚያድግ። ሦስት ዓመት ሙሉ ታግሶ ከዚያ በኋላ መሮጥ እንደማለት ነው። ፈረንሳዮች ደግሞ በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ይገራሉ፤ በሁለት ዓመቱ ያለ ጋላቢ ትንንሽ ግንዶችን፣ ከዚያ ትንንሽ አጥሮችን እንዲዘል ያስተምሩታል። የፈረንሳይ ፈረስ ውድድር ላይ ሲቀርብ መሰናክል አዲስ ነገር አይደለም፤ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ያውቃል።

እኔ የፈረንሳዮቹን ትምህርት እወደዋለሁ፤ የውድድር ካላንደራቸውን ግን አልወደውም። ቶሎ አስተምሩት፣ ቀስ ብላችሁ አወዳድሩት። ይህን ነው ለአሰልጣኞች ሁልጊዜ የምለው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ዓይነት ፈረስ ነው፤ መሰናክል በሌለበት ለጥ ባለ ሜዳ ሲሮጥ ቆይቶ ውጤት ሲጠፋበት ወደ መሰናክል የሚዛወር የሦስት ዓመት ፈረስ። አጥንቱ ለፍጥነት ጠንቷል። መዝለል ግን ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው የተማረው፤ በፍጥነት ደርሶ በመጨረሻው ቅጽበት ይገምታል። እንዲህ ያለውን ፈረስ ሳይ ውድድሩ እስኪያልቅ እጄን ጨብጬ ነው የማየው። እንግሊዝ በ2023 ለጥ ባለ ሜዳ ሮጠው ለማያውቁ የሦስትና የአራት ዓመት ፈረሶች ለብቻቸው የመሰናክል ውድድር መጀመሯ በዚህ ምክንያት ደስ አሰኝቶኛል። ለሚማር ፈረስ የሚስማማው ከሚማሩ ጋር መሮጥ ነው።

ስለ እግር ብቻ ካወራሁ ግን ግማሹን ነው የነገርኩሽ። ብዙ ወጣት ፈረሶች ሥልጠና ሲጀምሩ ሕይወታቸው በአንድ ሳምንት ይገለበጣል። ትናንት ከእኩዮቹ ጋር ሜዳ ላይ ነበር፤ ዛሬ ከሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ሃያ ሁለቱን ለብቻው ጋጥ ውስጥ ይቆማል። ፈረስ በተፈጥሮው በቀን አሥራ ስድስት ሰዓት ያህል የሚግጥ እንስሳ ነው፤ ጨጓራው በላም አልበላም አሲድ ያመነጫል። ድርቆሹን ቀንሰሽ አጃ ስታበዢለት አሲዱ ባዶ ጨጓራ ላይ ይሠራል። ሥልጠና ላይ ካሉ የእሽቅድምድም ፈረሶች አብዛኞቹ የጨጓራ ቁስለት አለባቸው። ምግቡን ይተዋል፤ ኮርቻ ሲታሰር ለመንከስ ይዞራል፤ ሰው «አመለኛ ነው» ይለዋል። ሆዱን እያመመው እኮ ነው። አንዳንዱ የጋጡን በር በጥርሱ ነክሶ አየር መዋጥ ይጀምራል፤ አንዳንዱ ግራ ቀኝ ሲወዛወዝ ይውላል። ይህ ቶሎ ከተያዘ ይስተካከላል። ከሥራ በፊት ጥቂት ድርቆሽ ስጡት። በቀን ጥቂት ሰዓት ከጓደኛ ጋር ሜዳ ላይ ልቀቁት። «ተጫውቶ ይጎዳል» ብለው የሚፈሩ አሉ። በየቀኑ የሚወጣ ፈረስ ግን ሲወጣ አያብድም፤ የሚያብደው በወር አንዴ የሚለቀቀው ነው።

ወደ ሸራው ልመለስ፤ ስለ እሱ በቀጥታ ባትጠይቂም እንዳሳሰበሽ ገብቶኛል። ሸራ በተዘረጋ ቁጥር ፈረስ ሞተ ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ትንፋሽ አጥሯቸው ወይም ደንግጠው ተኝተው ይነሳሉ። ግን እንግሊዝ ውስጥ በመሰናክል ውድድር ከ1,000 ተሳትፎ ወደ 4 የሚጠጋው በሞት ያበቃል፤ ለጥ ባለ ሜዳ ከሚሮጡት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህን ቁጥር ማንም ሊያለሳልሰው አይገባም። «ለምን አይጠገንም?» ይባላል። አንዳንዱ ይጠገናል፤ መገጣጠሚያው አካባቢ ያለ ስንጥቅ በብሎን ታስሮ ወደ ውድድር የተመለሰ ፈረስ በእጄ አልፏል። አጥንቱ ተሰባብሮ ቆዳውን ከበሳ ግን 500 ኪሎ የሚመዝን እንስሳ ለወራት በሦስት እግር መቆም አይችልም። የቀረው ደህና እግር ሰኮናው ከውስጥ ይላቀቃል። ያኔ የምንሰጠው ነገር ፈጣንና ሕመም የሌለው ሞት ብቻ ነው።

ልብ የሚሰብረው ደግሞ ብዙው ስብራት ድንገተኛ አለመሆኑ ነው። ከስብራቱ በፊት እዚያው ቦታ ላይ ትንንሽ ስንጥቆች ለሳምንታት ሲጠራቀሙ ቆይተዋል። በወጣት የመሰናክል ፈረሶች ዳሌና የኋላ እግር ላይ ይህን ደጋግሜ አያለሁ። ፈረሱ አንድ ቀን ሳያነክስ ብቻ ርምጃው ያጥራል። በማግስቱ ምልክቱ ይጠፋል። የአጥንት ስካን ብታነሺው ቦታው ያበራል። ያኔ ከተያዘ በእረፍትና ቀስ ብሎ በመመለስ ይድናል፤ ካልተያዘ በሸራው ጀርባ እንገናኛለን።

ስለዚህ «ስንት ዓመት?» ላልሺው፣ ቁጥር ከፈለግሽ የኔ ይህ ነው። መግራት በሁለት ዓመቱ አካባቢ፣ በአጫጭር ጊዜ። ትንንሽ ነገሮችን መዝለል ከዚያው ቀጥሎ፣ ያለ ጋላቢ። የዝቅተኛው መሰናክል ውድድር ከሦስት ዓመቱ መጨረሻ በፊት አይሁን፤ ያም በተወለደበት ቀን ተቆጥሮ እንጂ በጃንዋሪ 1 አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት አራት ውድድር ይበቃዋል፤ በደረቀ ጠንካራ መሬት ላይ አንድም አይሁን። ትልቁ መሰናክል ጀርባው እስኪጠና፣ አምስት ዓመት እስኪሆነው ይቆይ። ብዙ አሰልጣኞች ይህ ገንዘብ ያስወጣል ይሉኛል። ያስወጣል። የባለቤቱ ሒሳብና የፈረሱ አጥንት በአንድ ፍጥነት አያድጉም፤ ማን ማንን ይጠብቅ ከተባለ ባለቤቱ ፈረሱን ይጠብቅ።

ያ ቡናማ ፈረስ የነበረበት ጋጥ ዛሬም አለ። አሰልጣኙ ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ነገር ለወጠ። በጋጡ በር ላይ ደብተር ተንጠልጥሏል። ተንከባካቢዎቹ ማለዳ እግር ዳስሰው ያገኙትን ይጽፋሉ፤ «ሙቀት» የሚል ቃል የተጻፈበት ፈረስ ሐኪም ሳያየው ከጋጥ አይወጣም፤ ባለቤቱ መንገድ ላይ ቢሆንም፣ ውድድሩ ነገ ቢሆንም። ይህን ደንብ ለመሻር ኃላፊውም አሰልጣኙም ሥልጣን የላቸውም። የመጀመሪያውን ገጽ የጻፈችው ያቺ ልጅ ናት። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ደውለውልኝ ሄጄ ነበር፤ የሦስት ዓመት ባዝራ፣ የቀኝ የፊት እግር፣ ትንሽ ሙቀት። አልትራሳውንድ አነሳን። ምንም አልነበረም፤ ዝንብ ነክሷት ነው። ሁለት ቀን አርፋ ወጣች። ለምን በከንቱ ጠራችሁኝ ብዬ የተናገርኩት ቃል የለም።